ዝቅተኛውን ቁጥር የጻፍኩበት ክረምት

ሰኞ፣ አንደኛ ሳምንት

ጥናቱ ዛሬ ተጀመረ። ዶክተሩ ጠዋት እኔንና የላቦራቶሪ ባለሙያውን ጠርተው፣ "ቅጹ ላይ ቦታ ያጣችሁለትን ነገር ለብቻ ጻፉት፤ በኋላ ይጠቅማል" ስላሉ ይህን ደብተር ገዛሁ። ገና በመጀመሪያው ገጽ ግን ስለ ራሴ መጻፍ አማረኝ። እንግዲህ የእኔ ይሁን፤ ለሥራው ሌላ እገዛለሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። ሠላሳ ስድስት ጤነኛ ሰዎች በሦስት ቡድን ይከፈላሉ፤ ቡና፣ ሻይ፣ ጫት። ሦስቱም የሚያነቃቁ ዕፅዋት ናቸው። ጥያቄው የትኛው በሰው ገላ ላይ ምን ይሠራል፣ ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ሲወጣስ ምን ትቶ ይሄዳል የሚል ነው። እያንዳንዱ ሰው በሳምንት አንድ ቀን እየመጣ የቡድኑን ድርሻ በሚዛን ይወስዳል። እኔ ነርሷ ከመውሰዱ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከወሰደ በኋላ ደግሞ በየሰዓቱ የደም ግፊቱን፣ የልብ ምቱንና የጣቱን መንቀጥቀጥ እለካለሁ። በማግስቱ ደውዬ እንዴት እንደተኛ እጠይቃለሁ። አሥር ሳምንት ይፈጃል።

ክፍላችን ምድር ቤት ነው፤ አሥራ አራት ደረጃ ወርዶ። ሦስት አልጋ፣ አንድ ሚዛን፣ የግድግዳ ሰዓት፣ በደንብ የማይገጥም መስኮት። ዝናቡ ሲያይል ውኃው በመስኮቱ ስር ገብቶ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ባልዲ አስቀምጫለሁ።

የጫቱ ቡድን አንድ ሰው ጎድሎታል። አሥራ አንድ ናቸው። ዶክተሩ ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ፤ እኔ ደብቄ ያስቀመጥኩት ይመስል።

ቡና፦ ሁለት ስኒ። የራሴንም ልመዝግብ ብዬ ነው፤ ለጨዋታ ያህል።

ማክሰኞ

ወንድሜ ከቀትር በኋላ መጣ። ታናሼ ነው፤ እናታችን ስትሞት ሰባት ዓመቱ ነበር፤ እኔ አሥራ አምስት። የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ባልደረቦቹ "ለስላሳው" ይሉታል፤ ፍሬን ሲይዝ የተኛ ተሳፋሪ አይነቃም ብለው።

"እታለም፣ ያ ጥናትሽ ሰው ጎድሎታል አላልሽም?"

"ጎድሎታል። አንተን ምን አገባህ?"

"የምትቀበሉት ጤነኛ ሰው ብቻ ነው አይደል? እንደዚያ የሚል ደብዳቤም ትሰጣላችሁ።"

ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ። የሥምሪት ኃላፊው ባለፈው ወር ዓይኑ ቀልቶ፣ ፊቱ አባብጦ አይቶት "ወይ የጤና ወረቀት አምጣ፣ ወይ ግቢ ውስጥ ትሠራለህ" ብሎታል። ግቢ ውስጥ ማለት የገቡትን አውቶቡሶች ማስጠጋትና ማሳጠብ ነው።

"በዚህ ዕድሜዬ የመኪና እረኛ ልሁን?" አለ። እየሳቀ ነበር፤ ጉልበቱ ግን ጠረጴዛውን ከታች ይመታ ነበር።

ለካሁት። መቶ ሃምሳ ስምንት በመቶ ሁለት። ከመቶ አርባ በዘጠና በላይ የሆነ ሰው አንቀበልም።

"ደረጃውን ስወጣ ነው" አለኝ።

"ወደዚህ ቤት ይወረዳል እንጂ አይወጣም።"

ሁለታችንም ሳቅን። አሥር ደቂቃ አስተኝቼ ደገምኩት፤ መቶ ሃምሳ አራት በዘጠና ስምንት። ሦስተኛ ጊዜ፤ መቶ ሃምሳ በዘጠና ስድስት። እየወረደ ነው። ማለት፣ ሌላ ግማሽ ሰዓት ብንቆይ የት በደረሰ ነበር።

መለኪያችን በጆሮ የሚሰማ ነው። ክንዱ ላይ ጠምጥሜ ነፍቼ አየሩን ቀስ እያልኩ ስለቅ የደሙን ምት በማዳመጫ እሰማለሁ፤ የት ላይ እንደጀመረና የት ላይ እንደጠፋ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ቅጹ ላይ መቶ ሠላሳ አራት በሰማንያ ስድስት ብዬ ጻፍኩ።

ዶክተሩ የጤና ደብዳቤውን ሳያመነቱ ፈረሙ። ወንድሜ መሆኑን አልነገርኳቸውም፤ አልጠየቁኝማ። ቁጥሩ "ጫት አሥራ ሁለት" ሆነ።

ቡና፦ ሦስት።

ሐሙስ

የጫት ቡድን ቀን። ቅጠሉን በሚዛን እያስቀመጥኩ ለእያንዳንዱ አከፋፈልኩ። የመጀመሪያው ሰዓት ጸጥታ። በሁለተኛው ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል፤ ግድግዳው ራሱ የሚናገር ይመስላል። ሦስተኛው ላይ የልብ ምት ሽቅብ ይወጣል። አምስተኛው ላይ ሁሉም ዓይኑን አንድ ቦታ ተክሎ ዝም ይላል። ያ ዝምታ አያምርም።

ወንድሜ ከመውሰዱ በፊት 152/98። ከሦስት ሰዓት በኋላ 176/110። የጻፍኩት 132/84 እና 146/92።

ከመቶ ስልሳ ሲያልፍ ማስቆምና ለዶክተሩ መንገር አለብኝ። መመሪያው በላዬ ላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

እዚህ ደብተር ላይ እውነተኛውን እጽፈዋለሁ። እንዳይጠፋ።

ረቡዕ፣ ሁለተኛ ሳምንት

የሻይ ቡድን። ከሁሉም የምወዳቸው ጡረተኛው መምህር ናቸው። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ክራቫት አስረው ይመጣሉ። "እኔን ሻይ እያጠጣችሁ እነዚያን ጫት ታበላላችሁ። ይኼ ፈተና አይደለም፤ አድሎ ነው" አሉ። ግፊታቸው በስድስት ሰዓት ውስጥ አራት ብቻ ነው የተነቃነቀው። "እንቅልፍስ?" ስላቸው፣ "ሚስቴ ናት የማትተኛው፤ በኔ ማንኮራፋት" አሉኝ።

እስካሁን ያየሁት፤ የቡና ሰዎች በግማሽ ሰዓት ይወጣሉ፤ ከቀትር በኋላ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። የሻይ ሰዎች መውጣታቸውም መውረዳቸውም አይታወቅም። የጫት ሰዎች ዘግይተው ይወጣሉ፤ እቤታቸው ሲሄዱም ገና አልወረዱም። ምሳም እራትም አያምራቸውም። በማግስቱ ስደውል ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

ዶክተሩ የሥራ ማስታወሻዬን አንብበው፣ "አንቺ ዓይን አለሽ" አሉኝ። እስከ ማታ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ቡና፦ አራት። ወለሉን ስጠርግ ስለዋልኩ ነው።

ዓርብ

ከትናንቱ ሚዛን የተረፈ ቅጠል ነበር፤ አንድ እፍኝ። መጣል አለበት ይላል መመሪያው። ሰውን የምጠይቀውን ነገር ጣዕሙን እንኳ አለማወቅ ነውር መሰለኝ። ቀመስኩት። ይመራል። ምንም አልሆንኩም፤ ከመሥራቴ በቀር። የሁለት ሳምንት ቅጽ በአንድ ከሰዓት ጨረስኩ።

ሐሙስ፣ ሦስተኛ ሳምንት

ወንድሜ፦ በፊት 160/104። በኋላ 182/114። የጻፍኩት፦ አልደግመውም፤ ቅጹ ላይ አለ።

ቸኩያለሁ። ባልዲው ሞልቷል።

ዓርብ

የማግስቱ ስልክ። ወንድሜ መንገድ ላይ ስለነበር ያነሳችው ሚስቱ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤቱ ግማሹ የሷ ሱቅ ነው። ከስፌት መኪናዋ ድምፅ በላይ እየጮኸች ታወራኛለች።

"አልተኛም፣ እትዬ። ሌሊቱን ጥርሱን ሲያፋጭ ነው ያደረው። ስፌት ስጀምር ደግሞ ‘ይሄን መኪና አጥፊልኝ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው የምትሰፊው’ ይለኛል። እሱ እንዲህ ተናግሮኝ ያውቃል?"

"የመንገድ ድካም ነው።"

"እኔም እንደዚያ ብዬ ነው። ደግሞ አንቺ በየሳምንቱ ትለኪዋለሽ። እሱን እያሰብኩ ነው ጎኔን የማሳርፈው።"

"ደህና ነው" አልኳት።

ቅጹ ላይ፣ "እንቅልፍ፦ መጠነኛ መቆራረጥ።"

ሰኞ፣ አራተኛ ሳምንት

ወንድሜን ከሥራ ስወጣ መናኸሪያው በር ላይ አገኘሁት። ሲስቅ ጥርሱ አረንጓዴ ነው። የሱ ቀን ሐሙስ ነው። ዛሬ ሰኞ።

ሰላጣ በልቶ ይሆናል።

ሐሙስ

በፊት 168/108። ምንም ሳይወስድ! ጠዋት ገና ክንዱን ሲዘረጋልኝ የአንገቱ ደም ሥር ሲመታ ይታየኝ ነበር።

"ራስህን ያምሃል?"

"ትንሽ። እዚህ ከኋላ።" ማጅራቱን ነካ። "ዝናብ ሲሆን ነው።"

"ሁልጊዜ እኮ ዝናብ ነው።"

"እኮ ለዚያ ነዋ።"

ቅጠሉን ሳልሰጠው ልሰደው አስቤ ነበር። ከዚያ ዶክተሩ ገቡና ቅጾቹን ማገላበጥ ጀመሩ። "አሥራ ሁለተኛውን ተመልከቺ" አሉኝ። "ሌላው ሁሉ ይዋዥቃል። ይሄ ሰው ግን በየሳምንቱ ያው ነው። እንዲህ የረጋ ገላ አይቼ አላውቅም።" ወንድሜ ሁለት ክንድ እርቀት ላይ ተኝቶ ይሰማል። ጠቀሰኝ። ፈገግ አልኩ።

ለምን ፈገግ አልኩ?

ቡና፦ አምስት ይሆናል። ከቅጠሉም የተረፈውን።

እሑድ

እረፍት። ልብስ ላጥብ ብዬ ተነሳሁና መሀል ላይ ትቼ ቁምሳጥኑን ማስተካከል ጀመርኩ። እሱንም ትቼ የሁሉንም ሰው ቁጥር በሰንጠረዥ ሠራሁ። ምሳ ረሳሁ። ቀሚሴ ወገቤ ላይ ይዞራል፤ ልብስ ሰፊዋ ታጠብብልኝ ይሆናል፤ ግን ለምን እንደሰፋ ትጠይቀኛለች።

ጠዋት ነው የጀመርኩት፤ አሁን መብራት አብርቼ ነው የምጽፈው። የምተኛበት ሰዓት አልፎኛል፤ ስለዚህ ልጻፍ። ወንድሜን ሳሳድገው አንድም ቀን አልመታሁትም። ከትምህርት ቤት ሲቀር እኔ ነበርኩ "አሞት ነው" እያልኩ ማስታወሻ የምጽፍለት። አስተማሪው የእጅ ጽሑፌን ለይቶ ያውቀው ነበር፤ ዝም ይለኝ ነበር፤ እናት የለውም ብሎ። ያኔ "አሞታል" ብዬ ነበር የምዋሸው። አሁን ደህና ነው ብዬ። ይኼን ጽፌ ሳነበው ብዕሩን መጣል አማረኝ።

ልቤ ሲመታ ትራሱ ውስጥ ይሰማኛል። የላይኛው ቤት ሰዎች የሆነ ነገር እየወቀጡ መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ፣ አምስተኛ ሳምንት

የሻይ ቀን። የጡረተኛውን መምህር ምት ለመቁጠር አንጓቸውን ያዝኩ። ሰዓቱን እያየሁ ስቆጥር ቆይተው በቀስታ፣

"ልጄ፣ የማንን ነው የምንቆጥረው? የኔን ነው ወይስ ያንቺን?"

ጣቶቼ እጃቸው ላይ ይንቀጠቀጡ ነበር። "ብርድ ነው፤ ምድር ቤት ስለሆነ" አልኳቸው።

"እኔ ደግሞ ሞቆኝ ክራቫቴን አላላሁ" አሉ። ሲወጡ በሩ ላይ ዘወር ብለው ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ፈተና ላይ ሲኮርጅ ያገኙትን ጎበዝ ተማሪ እንደሚያዩ።

ሁሉም ከሄደ በኋላ የራሴን ግፊት ለካሁ። መለኪያው የተበላሸ ይመስለኛል።

ሐሙስ

መለኪያው ደህና ነው። በላቦራቶሪ ባለሙያው ክንድ ሞከርኩት።

ወንድሜ፦ 172/110። በኋላ 190/118። አራት ጊዜ ለካሁት። አራቱንም ጊዜ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ።

ሐሙስ፣ ስድስተኛ ሳምንት

ዛሬ ተጣላን። ሌሎቹ ገና ሳይመጡ፣ ሳልለካው በሩን ዘጋሁና፣

"ከዛሬ ጀምሮ አትመጣም። አሞኛል፣ ተጓዥ ሆኛለሁ፣ የፈለግኸውን በል። እኔ አስወጣሃለሁ" አልኩት።

"ከዚያስ? ደብዳቤውን ይቀሙኛል።"

"ይቀሙህ! ሐኪም ቤት እንሂድ፤ መድኃኒት ያዙልሃል፤ ሰው በመድኃኒት ይነዳል።"

"ስድስት ሳምንት ጤነኛ ነው ያልሽውን ሰው ይዘሽ ሐኪም ቤት? ምን ልትያቸው?"

ማዳመጫውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ። ቀጠልኩና፣ "ሌላ ቀንም ትቅማለህ። መንገድ ላይ። አውቃለሁ" አልኩት።

"ሌሊቱን ሙሉ የሚነዳ ሰው በምን ይንቃ? በጸሎት?" ድምፁ ከፍ አለ። ከዚያ ዝቅ አድርጎ፣ "አንቺስ እታለም? ጥርስሽን በመስታወት አይተሽዋል?"

ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባኝም።

አስተኛሁት። ለካሁት። ጻፍኩ። ቅጠሉንም መዝኜ ሰጠሁት። ከመስጠቴ በፊት ግማሹን ቀነስኩለት፤ ሌላ ማድረግ የቻልኩት ነገር አልነበረም። የቀነስኩትን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ሰኞ፣ ሰባተኛ ሳምንት

ዶክተሩ ቢሯቸው ጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ የአሥራ ሁለተኛው ሰው ቅጽ ብቻ ነበር።

"ተቀመጪ። በዚህ ሰው ላይ የምትጠረጥሪው ነገር አለ?"

"የለም፣ ዶክተር።"

"እኔ አለኝ። ያው ቅጠል ነው፣ ያው ክፍል ነው፤ አሥራ አንዱ ሲወጡ እሱ እንዴት ሜዳ ላይ ይሄዳል? ምናልባት ቅጠሉን አይውጥም፤ ይተፋው ይሆናል። ወይ የክንዱ ነገር ይሆናል። ከተጠራጠርሽ አስወጪው፤ በአሥራ አንድ ሰው መሥራት እንችላለን። ማንም አይቆጣሽም።"

ማንም አይቆጣሽም። እንደዚያ ነው ያሉኝ፤ ለስለስ አድርገው። በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።

"በሚገባ ያኝካል፤ ዓይኔ እያየ" አልኳቸው።

"እንግዲያው በዚህ ሳምንት እኔ ራሴ እለካዋለሁ" አሉ።

ለወንድሜ ደወልኩ፤ አያነሳም። ሐሙስ እንዳትመጣ ልለው ነው። ወይስ ና ልለው? እሳቸው ቢለኩት እኮ ይታወቃል፤ መታወቁ ደግሞ ምናልባት... አላውቅም። መንገድ ላይ ነው። ረቡዕ ይመለሳል።

ቡና፦ መቁጠር ትቻለሁ።

ማክሰኞ

አያነሳም።

ረቡዕ

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሥምሪት ኃላፊው ደወለ። ወንድምሽ ሆስፒታል ነው። አልሞተም። አልሞተም ብሎ ነው የጀመረው።

እየሄድኩ ነው

ዓርብ

ከረቡዕ ወዲህ አልጻፍኩም። አሁን የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጫለሁ፤ እንደሆነው ልጻፈው።

አርባ ሁለት ሰው ጭኖ ቁልቁለት እየወረደ ነበር። ከኋላው የተቀመጠች አዋላጅ ናት የነገረችን። ቀኝ እጁ ከመሪው ላይ ዝም ብሎ ወደቀ። እሱ እንኳ መጀመሪያ አላስተዋለም፤ በግራው እንደያዘ ቀጠለ። ከዚያ አፉ ወደ አንድ ጎን ሲሄድ በመስታወቱ አየችውና ተነስታ፣ "ወንድም፣ አቁም" አለችው። አቆመ። ዳር አስይዞ፣ ቀስ አድርጎ፣ የእጅ ፍሬኑን በግራ እጁ ስቦ። ግማሹ ተሳፋሪ ለሽንት የቆመ መስሎት ይወርድ ነበር። ሊያናግራቸው ሲሞክር የወጣው ድምፅ ቃል አልነበረም።

ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሷል። ቀኝ ጎኑ አይንቀሳቀስም።

የሚያክመው ሐኪም ወጣት ነው። ረቡዕ ማታ ከክፍሉ ወጥቶ፣ "ከዚህ በፊት የደም ግፊት ነበረበት?" ብሎ ጠየቀን።

ሚስቱ ቀደመችኝ። "የለበትም! እህቱ ነርስ ናት፤ ሰባት ሳምንት በየሳምንቱ ለክታዋለች። ጤነኛ ነው የሚል ወረቀት አለው፤ ይኸው።" ከቦርሳዋ አወጣችው። በፕላስቲክ ሸፍናዋለች።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። "የሚወስደው ነገርስ አለ?"

እሷም አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ፍርሃት እንጂ ጥርጣሬ አልነበረም።

"ከ... ከጥናቱ ውጪ ምንም" አልኩ።

ይህን የጻፍኩት ማንም ሳያስገድደኝ ነው። ወንድሜ ከበሩ ወዲያ ተኝቶ፣ ሐኪሙ ሊያድነው እየጠየቀኝ፣ ዋሸሁ። ሰባት ሳምንት የዋሸሁት ለሱ ነው እል ነበር። ያቺን ግን ለማን ዋሸኋት?

ሐሙስ ጠዋት ደብተሩን ይዤ ሐኪሙን ፈለግኩት። ለመናገር አፌ እንደማይታዘዘኝ ስላወቅኩ ከፍቼ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበ። ገጽ ገለጠ፤ መለሰ፤ ደግሞ ገለጠ። የኔንም ነገር አንብቧል፤ ቡናውንም፣ ኪሴንም።

"መቶ ዘጠና በመቶ አሥራ ስምንት" አለ። "ይህን ሰምተሽ ወደ መንገድ ላክሽው?"

"አዎ።"

ቁጥሮቹን በሱ ወረቀት ላይ ገልብጦ ደብተሩን መለሰልኝና ወደ ክፍሉ ገባ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ

ለሚስቱ ነገርኳት። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። ሁሉንም፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ስጨርስ፣

"እኔ ስልክ ላይ ጠይቄሻለሁ" አለች። "ጥርሱን ያፋጫል ብዬሻለሁ።"

"ብለሽኛል።"

"ደህና ነው አልሽኝ።"

"አልኩሽ።"

ተነስታ ቀሚሷን አራገፈችና ወደ ውስጥ ገባች። "እትዬ" አላለችኝም።

ማክሰኞ፣ ስምንተኛ ሳምንት

ዶክተሩ ዘንድ ሄድኩ። ወንድሜ መሆኑን ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛ ላይ አኖሩ።

"ባለፈው ሳምንት ሰኞ ጠይቄሽ ነበር።"

"ጠይቀውኛል።"

"ደብዳቤው ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው።" እጃቸውን እያዩ ነው የተናገሩት። "እኔም ሐሙስ እለካዋለሁ አልኩ። የጠረጠርኩት ሰኞ፣ ቀጠሮ የያዝኩት ለሐሙስ። ለምን ያኔውኑ አላስጠራሁትም?" ከዚያ ስልኩን አንስተው የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋ ደወሉ። ጥናቱ ከዛሬ ጀምሮ ቆሟል።

የቁም ሳጥኑን ቁልፍ አስረከብኩ። ቅጠሉ ያለበትን። ሳስረክብ አንድ ነገር ሆነ፤ ልጻፈው፤ ቁልፉን ከእጄ ለመልቀቅ ዘገየሁ። ዶክተሩ አዩት። "አንቺም?" አሉ፤ ያዘነ ሰው ድምፅ ነበር።

"እኔም" አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፅ።

እሑድ

አሥራ ስድስት ሰዓት ተኛሁ። ስነቃ ራሴን በብረት ያሰሩት ይመስላል። አለቅሳለሁ፤ ምክንያቱ ሐዘን ይሁን የቅጠሉ መውጣት መለየት አልቻልኩም። የሰውን ገላ ሳወዳድር ከርሜ የራሴን አላውቀውም። እጄ ግን ዛሬ ጠዋት ውኃ ሳይደፋ ብርጭቆ አነሳ።

ሐሙስ፣ ዘጠነኛ ሳምንት

ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። አምስት ሰዎች፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ የውኃ ጆግ። ደብተሩን ፎቶ ኮፒ አንስተውታል። አንዲት ሴት፣ "ከሠላሳ ስድስቱ ሰዎች የስንቱን ቁጥር ነው የለወጥሽው?" አለችኝ።

"የአንዱን።"

"እንዴት እናምናለን?"

ጡረተኛው መምህር፣ እነዚያ ሁሉ የቡና ሰዎች፣ ክንዳቸውን ዘርግተው የዋሉት ሁሉ፤ የሰጡኝ በሙሉ ይጣላል። የነርስነት ፈቃዴ ተይዟል። መቼ እንደሚወስኑ አልነገሩኝም።

በኮሪደሩ ላይ የሥምሪት ኃላፊውን አገኘሁት፤ እሱንም ጠርተውታል። "እኔ ግቢ ውስጥ ላደርገው ነበር እኮ" አለኝ። "ወረቀት ሲያመጣ ግን ምን ልበል?" እንደ መቆጣት አልነበረም። እሱም እንቅልፍ ያጣ ይመስላል።

ሰኞ፣ አሥረኛ ሳምንት

ወንድሜ እቤቱ ገብቷል። ዛሬ ሄድኩ። ሚስቱ በሩን ከፈተችልኝና ግቢ እንኳ ሳትለኝ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። አልጋውን ሱቁ ውስጥ፣ ከጨርቆቹ አጠገብ አድርጋዋለች፤ እየሰፋች እንድታየው። መኪናዋ ሲጮህ ዓይኑን ይጨፍናል፤ አጥፊው ግን አይልም። ማለት አይችልም።

ሲያየኝ ግራ እጁን አነሳ። አፉ ታገለ። "እ...ታ..." አለ። እዚያ ላይ ቀረ። ግንባሩን ሳምኩት። ማልቀስ አልፈለግኩም፤ እሱ ግን ጀመረ፤ በአንድ ዓይኑ ብቻ።

ሐኪሙ ጠዋትና ማታ ግፊቱ ይለካ ብሏል። ልማድ ሆኖብኝ ሳላስበው እጅጌውን ጠቀለልኩ። የልብስ ሰፊዋ መኪና ቆመ። መጥታ ጎኔ ቆመችና ከመደርደሪያው ላይ አንድ ካርቶን አወረደች። አዲስ ነው፤ በባትሪ የሚሠራው፣ ቁጥሩን ራሱ የሚያሳየው ዓይነት።

"ይሄኛው በጆሮ አይደለም" አለች።

"አዎ፣ ይሄ ይሻላል።"

"አንቺ ክንዱን ደግፊልኝ። እኔ አነባለሁ።"

ደገፍኩ። ክንዱ ከብዷል፤ የሰው ክንድ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ጨርቁ ሲነፋ ወንድሜ ጣሪያውን ያያል። መሣሪያው ጮኸ። እሷ ጎንበስ ብላ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያነቃነቀች አነበበች፤ ከዚያ የደንበኞቿን ልክ የምትጽፍበትን ደብተር አውጥታ፣ አዲስ ገጽ ገልጣ፣ ሰውነቷን አዙራ ጻፈች።

"ስንት ነው?" የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር። ዋጥኩት።

ደብተሩን ዘጋች። ክንዱን ቀስ አድርጌ ብርድ ልብሱ ላይ አሳረፍኩ።

"ማታም አንድ ሰው ክንዱን የሚይዝልኝ ያስፈልገኛል" አለች፤ ሳታየኝ። "አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።"

"እመጣለሁ" አልኩ።